የትከሻ ስፌት

ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። «አባቷ ነው የጨረሳት» ይላሉ። መጀመሪያ በምግብ አሳበጣት፣ ቀጥሎ በረሃብ ቀጣት ይላሉ። ይህን የሚሉት ደግሞ ትናንት ጉንጯን እየቆነጠሩ ብስኩት ሲያጎርሷት የነበሩት ናቸው። ዛሬ ሁሉም ሐኪም ሆኗል። እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ካውያ ይዤ ስቆም ጠጉሬ ሸብቷል። ስለ እሱ መነገር ካለበት እኔ ልንገራችሁ።

ስሙን ማንም አይጠራውም። ጋሽ ሜትሮ ነው የምንለው፤ የልብስ መለኪያው ሜትሮ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርቶ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ሄደና፣ ፎቶው ሲወጣ ከሙሽሮቹ አጠገብ ሜትሮውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም ይባላል። እሱ ግን «ከክራቫቱ ጋር ቀለሙ ሄዷል» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል።

ስፌት ቤታችን ከመንገዱ ጥቂት ደረጃ ዝቅ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ፊት ለፊት ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ መሃል ላይ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ በመጋረጃ የተከለለች መለኪያ ክፍል ከነመስታወቷ፤ ከኋላ ደግሞ እኔና የመተኮሻ ጠረጴዛዬ። ሁሉንም ሥራ እንሠራለን፤ እንጀራችን ግን የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ጋሽ ሜትሮ ለልጅ ሲሰፋ ጎንና ጎኑ ውስጥ ደህና አድርጎ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። ልጁ ሲያድግ ስፌቱ ይፈታና ልብሱ ይሰፋል። በዚህ የተነሳ እናቶች ሁሉ ይወዱታል። አንድ ዩኒፎርም በታላቅና በታናሽ ላይ ዞሮ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሚስቱ ስትታመም ልጃቸው ገና ድክድክ ትል ነበር። የሆድ ዕቃ በሽታ ነው አሉ፤ የበሽታውን ስም ነግረውናል፣ እኔ ግን ሁለተኛ ላነሳው አልፈልግም። እየከሳች ሄደች። ለአለባበሷ የምትጠነቀቅ፣ መስታወት የምትወድ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረች። ባሏ ታዲያ ምን ያደርጋል? ቀሚሶቿን ተራ በተራ በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ስፌት ቤቱ ያመጣና ጎናቸውን ፈትቶ ያጠብባቸዋል። እኔ እተኩሳቸዋለሁ። ይወስድና ቁም ሳጥኗ ውስጥ መልሶ ይሰቅላቸዋል። ስትለብሳቸው ልክክ ይሉላታል። «አየህ፣ ብዙም አልቀነስኩም» ትለዋለች። እሱም «ምን ትቀንሻለሽ» ይላታል። እስከ መጨረሻው ያታለላት መስሎታል። ሴት የራሷን ገላ አታውቅም ብሎ የሚያስብ ወንድ ብቻ ነው። እኔ እንደማምነው ግን እሷ ናት ለእሱ ስትል የተታለለች መስላ የኖረችው።

አንድ ቀን ያጠበበውን ቀሚስ ሊያቀብለኝ መጥቶ ቀሚሱን ሳይለቅ ቆመ። «ወገብ ቢቀንስ ግድ የለም፣ ይመለሳል» አለኝ። «አሁን ግን ከትከሻዋ መቀነስ ጀመረች፤ የትከሻ አይመለስም።» ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ፊቱን አይቼ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

እንግዲህ ያ ሰው ነው ሴት ልጅ ብቻውን ያሳደገው። ሰዉ ይህን ረስቶ ነው የሚያወራው።

ልጅቷ የዓይኑ ብሌን ሆነች። ቀሚሴ ጠበበ ባለችው ቁጥር ፊቱ ይበራል። ስፌቱን ሲፈታ ያፏጫል፤ ሌላ ጊዜ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። «ትርፉን ጨረሰችው» እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል፣ ልክ እንደተሾመ ሰው። ማጥበብ ሲያስፈራው ኖሯል፤ ማስፋት ለእሱ የጤና ምልክት ሆነ። ልጁ ከሌሎች ልጆች እጥፍ ስትሆን እሱ ያየው ከሞት እጥፍ መራቋን ነው።

ሰፈሩም አገዘው። ከትምህርት ቤት ወጥታ ቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ ነው የምትመጣው። የጎረቤቱ ባለሱቅ ለስላሳ ከፍቶ ይልክላታል። ደንበኛ ሁሉ ከረሜላ ይዞ ይገባል። አክስቷ፣ የእሱ ታናሽ እህት፣ ከወዲያኛው መንገድ ዳቦ በቅቤና በማር ለውሳ ትመጣለች። የእኔም የሽርጥ ኪስ ብስኩት አያጣም ነበር። እናት የሌላት ልጅ ናት፤ ማን እጁን ይሰበስባል? ድንቡሼ አልናት። ድንቡሼ ስትገባ ቤቱ ይሞቃል። ደንበኞቹን አንድ በአንድ አካሄዳቸውን እያስመሰለች ታስቃለች፤ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። አንድ ቀን አሮጌው ወንበር ሥሯ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁላችንም ደነገጥን። እሷ ተነስታ ወንበሩን በሐዘኔታ አየችውና «ምስኪን፣ ቁርስ አልበላም» አለች። ከማንም በፊት ራሷ ትቀልዳለች። ከማንም በፊት ራሷ ካልቀለደች ሌላው እንደሚቀልድ ታውቃለች፤ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ትምህርት ቤት ምን እያሉ እንደሚጠሯት አንድም ቀን ለአባቷ አልነገረችውም።

ሌላም ነገር ነበረ፤ ሁሉንም እያየን ስም እየሰጠን አለፍነው። ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ አባቷ «እንቅልፍ የጤና ነው» ይላል። የስፌት ቤቱን ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ደረጃው ነው የከፋው አልን። አንገቷ ዙሪያ ቆዳው እየጠቆረ መጣ። አክስቷ እድፍ መስሏት ጨርቅ በሎሚ እየነከረች ፈተገቻት። ልጅቷ እንባዋ እየወረደ ዝም ብላ ተፈተገች። ጥቁረቱ አልለቀቀም፤ «አንገቷን አትታጠብም» የሚል ስም ብቻ ተረፋት።

ነገሩ የወጣው በትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን ነርሶች መጥተው ተማሪዎቹን ሁሉ መዘኑ፣ የደም ግፊት ለኩ። ከዚያ መምህሯ አባትየውን አስጠራችውና ልጁን ሆስፒታል እንዲወስዳት ነገረችው። ጋሽ ሜትሮ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የሆስፒታል በር ረግጦ አያውቅም። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሁለት እጁን አስደግፎ ቆይቶ፣ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ካውያውን ነቅዬ አብሬው ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ በልጅቷ ክንድ ላይ ልትጠመጥም ብትል አልደርስ አለ። የልጆች ነበር። ጋሽ ሜትሮ ከተቀመጠበት ሆኖ «ይሄ ጠባብ ነው፤ የትልቅ ሰው አምጪ» አላት፣ ልክ በስፌት ቤቱ እንደሚናገረው። ነርሷ የትልቅ ሰው አመጣች። ያኔ በልጁ ክንድ ላይ ያ የትልቅ ሰው ጨርቅ ልክ ሲሆን አየው። አንገቱ ላይ ያለውን ሜትሮ በሁለት እጁ ጨበጠ።

ደሟ ተመረመረ፣ ሆዷ በማሽን ታየ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ልጅቷን ከነርሷ ጋር ወደ ውጭ ልካ በር ዘጋች። ልጅቷ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊቷ ግን የጎልማሳ ነው አለች። ስኳሯ መጠኑን አልፏል። ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቷል። የአንገቷም ጥቁረት ከዚሁ የመጣ ምልክት እንጂ እድፍ አይደለም ስትል፣ ያ ሎሚ ዓይኔ ላይ መጣ።

«አባት፣ ሆዷ ዙሪያ ያለው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይምሰልዎ» አለችው። «ሰውነቷን ሌት ተቀን ያስቆጣዋል። ቁስል ሳይኖር ውስጥ ውስጡን ብግነት አለ። የደም ሥሮቿን ካሁኑ እያደነደናቸው ነው። ዝም ካልን በወጣትነቷ ልቧ ይታመማል።»

«ልጄ አልታመመችም» አላት። «የታመመ ሰው አይበላም። እኔ አውቃለሁ፣ የታመመ ሰው አይቻለሁ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ጥፋተኛ እየፈለገች እንዳልሆነ፣ አንዱ ልጅ ይህንኑ በልቶ ምንም እንደማይሆን፣ ሌላው ከዘሩ ይዞት እንደሚመጣ ረጋ ብላ አስረዳችው። ጣፋጭና ለስላሳ ይቁም፣ ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ በእግሯ ትሂድ፣ ኪኒኑን ሳታቋርጥ ትዋጥ፣ በቀጠሮዋ ትምጣ አለች። ክብደቷ ሲወርድ ስኳሯም ይወርዳል አለች። እሱ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ሰማ፦ ልጅህን አክሳት የተባለ መሰለው። ከሆስፒታሉ ወጥተን መንገድ ሳንሻገር ጣፋጭ ዳቦ ገዛላት። ልናገረው አስቤ፣ ዳቦውን ቆርሶ ሲያጎርሳት አየሁና ተውኩት።

ለረጅም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኪኒኑን ይሰጣታል፤ ሌላውን ግን አልሰማሁም ነው። አክስትየዋም «ሐኪሞች ድሮስ ምን ያውቃሉ» እያለች አጠናከረችው። የለወጠችው ራሷ ልጅቷ ናት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለሱቁ እንደ ልማዱ ለስላሳ ልኳል። ልጅቷ ጠርሙሱን አየት አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው። አባቷ መልሶ አስጠጋላት። ገፋችው። «ጠጪ እንጂ፣ ፊትሽ ገርጥቷል» አላት። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሸሚዝ ኮሌታ እተኩሳለሁ።

«አባዬ» አለችው፣ «እኔ እኮ እማዬ አይደለሁም። ብቀጥን አልሞትም።»

የስፌት መኪናው ቆመ። በዚያ ቤት የእናቷ ነገር በግልጽ ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነው። እኛ አዋቂዎቹ ስንት ዓመት የሸሸነውን ነገር ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ሜትሮ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ለባለሱቁ መለሰለት፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትልክ አለው። ተመልሶ ሲቀመጥ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተውና እኔ አስገባሁለት።

ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው ማየት ነው። ቃሉን ሰጠ ማለት ነው፤ ቃል ከሰጠ ደግሞ ጋሽ ሜትሮ ስፌት አይዘልም። ከረሜላ ይዞ የገባ ደንበኛ ከነከረሜላው ከደጅ ይመለሳል። አንዷን የታወቀች ደንበኛችንን አስቀይሞ ቀረችበት። የውሃ መጠጫ ገዝቶላት በየሰዓቱ «ጠጣሽ?» ይላል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ አብሯት በእግሩ ይሄዳል፤ ከእሷ ይልቅ እሱ ላብ በላብ ሆኖ ይመጣል። ቀስ በቀስ ለውጥ መጣ። ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሿ ቀለለ። ማንኮራፋቷ ቀነሰ። ሐኪሟ ጋ በሄዱ ጊዜ ጎበዝ ተብላ ተመለሰች።

የዩኒፎርሟን ወገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጠብብበት ቀን መጣ። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠመኔ ይዞ ቆመ። መቁረጥ አይደል፣ መስፋት አይደል፣ አንዲት መስመር ማስመር ነው፤ አቃተው። ልጅቷ ገባትና ከኋላው መጥታ ጠመኔውን ከእጁ ወስዳ ራሷ አሰመረችው፣ ጠማማ አድርጋ። «እንዲህ ነው» አለችው። ሳቀ። በጠማማው መስመር ላይ ሰፋው፤ እኔም የተጣመመውን በካውያ እያባበልኩ አቃናሁት። ያን ቀን ከዚያ ቤት ደስ ብሎን ወጣን። ያ ሰው ከሚስቱ ሞት ወዲህ የተሸከመውን ፍርሃት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያወረደው መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጣውን ለማውራት ከበደኝ፤ ግን መወራት አለበት።

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት የእኛ ጭንቅ ወቅት ነው። ስፌት ቤቱ በዩኒፎርም ይሞላል፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ምሳ ቆመን እንበላለን። የልጅቷ የሆስፒታል ቀጠሮ እዚያ መሃል ላይ ወደቀ። ኪኒኑም በዚያው ሰሞን አለቀ። ድሮም ሆዷን እያወካት ነበር። ጋሽ ሜትሮ አሰበበት፤ አላሰበበትም የሚሉ ይዋሻሉ። ክብደቷ ሲወርድ ስኳሯ ይወርዳል ብላ የለ ሐኪሟ ራሷ? ልጅቷ ደግሞ በዓይን እያየናት እየቀጠነች ነው፣ ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ። ድናለች ማለት ነው። ኪኒኑ ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። ወቅቱ ሲያልፍ እንሄዳለን አለ። ያኔ ይህን ሲል የተቃወመው ሰው አልነበረም።

ሁሉም ነገር የመዳን መልክ ነበረው። ውሃ ትጠጣለች፤ ጆጉን ሙሉ ጨርሳ ሌላ ትቀዳለች፤ ታዛዥ ልጅ፣ የተባለችውን አደረገች አልን። ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ትመላለሳለች፤ ያን ያህል ውሃ የጠጣ ምን ይሁን? እሷም «የጓሮውን መንገድ እኔ ነኝ ያነጠፍኩት» እያለች ታስቃለች። ይደክማታል፤ የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ጋደም ብላ ትተኛለች፤ በእግሯ ስለምትሄድ ነው አልን። ዓይኔ ይደበዝዛል ያለች ጊዜ ሙቀቱ ነው አልን። ጉንጯ ሲጎድል አክስቷ «መልክ አወጣች፣ እናቷን መሰለች» አለች። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያሞግሳት ነበር። ልጅቷ እንዲህ ተሞግሳ አታውቅም። ሙገሳው ከምግብ በላይ ሆነላት፤ ቢያማትም ኖሮ የምትናገር አይመስለኝም።

ለአዲሱ ክፍል አዲስ ዩኒፎርም ሰፋላት። ከመለኪያ ክፍሏ ወጥታ መስታወቱ ፊት ቆመች። እሱ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ወገቡን አስተካከለ፣ እጅጌውን አየ። ከዚያ እጁ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጨርቁ ከአጥንቷ ወደ ውጭ ወርዷል። የለካት በቅርቡ ነው፤ ልኬት ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣ። ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከትከሻዋ ነው» አለኝ።

አክስትየዋ ሰማችው። «አንተ ሰውዬ አሁንም እዚያው ነህ?» አለችው። «ልጅቷ ምን ነበር ያለችህ? እማዬ አይደለሁም አላለችህም? በፍርሃትህ ልጅቷን መልሰህ ልታሳብጣት ነው?»

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አባቷን አየችው። ዓይኗ ይለምናል። «አባዬ፣ አጥብበው» አለችው። «ደስ ብሎኛል እኮ።»

ምን ይበል? ያ ሰው እጁ የሚያውቀውን ነገር አላምንም እንዲል ዓመት ሙሉ ተመክሯል። ፍርሃትህ በሽታ ነው ተብሏል፤ ደግሞም እውነት ነበር፣ በሽታ ነበር። እውነተኛውን ፍርሃት ከአሮጌው ለይቶ የሚያወጣበት ምን መሣሪያ አለው? ስፒሉን መልሶ በትከሻዋ ስፌት ላይ ሰካው። ፈገግ ለማለት ሞክሮ «እሺ፣ ይጥበብ» አለ። ያን ዩኒፎርም የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ትምህርት በተከፈተበት ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ካውያው ሳይግል አክስትየዋ እየሮጠች መጣች። ልጅቷ አልነሳም ብላለች። ቤታቸው ስደርስ አባቷ አቅፏት ይቀሰቅሳታል። አተነፋፈሷ ጥልቅና ፈጣን ነው፣ ሩቅ መንገድ የሮጠ ሰው ዓይነት። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ስሟን ስንጠራት ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን ሌላ ነው። ታክሲ ውስጥ ውሃ፣ ውሃ አለች። አባቷ ጭኑ ላይ አስተኝቶ በጠርሙስ ክዳን እያንጠባጠበ አጠጣት።

ሆስፒታል ስንደርስ ጣቷን ወግተው ደሟን በትንሿ ማሽን ለኩ። ማሽኗ ቁጥር አላወጣም፤ ከማሽኗ አቅም በላይ ነው አሉ። ያቺ ሐኪም ከላይኛው ፎቅ እየሮጠች ወረደች። ኪኒኑ መቼ እንደቆመ ጠየቀችው።

«ቀጥናለች እኮ፣ ዶክተር» አላት። «እርስዎ እንዳሉት ቀጥናለች።»

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። በኋላ ኮሪደር ላይ ለእኔ ነገረችኝ። ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሰውነቷ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ ስለዚህ የራሱን ሥጋ መብላት ጀመረ። ውሃዋ ሁሉ በሽንት ወጣ። ያ የመጨረሻው መቅጠን ሌላ መቅጠን ነበር፤ የመጀመሪያው ሲያድናት ሁለተኛው ሲጨርሳት ነበር፣ ከውጭ ሲያዩት ግን አንድ ይመስላል። ይህን ስትነግረኝ እሷም ታለቅሳለች። ለአባቷ ግን እንዲህ አድርጋ አልነገረችውም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

በደም ሥሯ የሚገባ ፈሳሽ ሰቅለው፣ መድኃኒት በመርፌ ሰጥተው፣ ላይ ታች ሲሉ ቆዩ። ተስፋ ሰጡን፣ መልሰው ዝም አሉ። ረፋዱ ላይ ልጅቷ ትንሽ ነቃች። አባቷ አልጋው ጎን ተንበርክኮ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጎ ያለቅሳል፤ ድምፅ አውጥቶ ነው የሚያለቅሰው፣ ሰው አለ የለም አላለም። እሷ ዓይኗን ገለጠች፣ ፈልጋ አገኘችው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አባዬ፣ አታልቅስ» አለችው። «ቀጥኛለሁ እኮ።»

እሱ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ምን ሊላት ይችላል ብዬ ፈራሁ። ጠጋ አለና ግንባሯን ሳማት።

«አዎ የኔ እናት» አላት። «ቀጥነሻል። ጎበዝ።»

ደስ አላት። ፈገግታዋን አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኗን ከደነች፣ ነርሶቹም ወደ ውጭ አወጡን። ከሰዓት በኋላ አረፈች። ከአባቷ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ያ ነው።